ግቢው ሲጸዳ አቧራው ወዴት ይሄዳል?

ድሬዳዋ ውስጥ ለሰፈር ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ሙቀት፣ ያውም በርጫ አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። «ስለ አየር ነው» ሲባል ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

በቀጥታ ልግባ። አሮጌ የፋብሪካ ግቢ ሲጸዳ ለዓመታት ተኝቶ የኖረው መርዝ ከመሬት ይነሳል። አፈሩን ቆፍረን፣ ገልባጭ ላይ ጭነን፣ በከተማው መሃል አሳልፈን ነው የምንወስደው። በዚህ ሁሉ መሃል አጥር ጥግ የሚኖረው ሰው የሚተነፍሰው አየር ካልተለካ ጽዳቱ የአንዱን ግቢ ብክለት ለመቶ ቤት ያከፋፍላል። መለካት ብቻውንም አይበቃም። «ቁጥሩ እዚህ ከደረሰ ሥራው ይቆማል» የሚል ውሳኔ ከመጀመሪያው ካልተያያዘበት መለኪያው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ጌጥ ነው።

ድሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ከባቡሩ ጋር ጋራዡ መጣ። ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ ባቡሩን በፈረንሳይኛው «ሼመንደፈር» ይሉታል። ሲሚንቶው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ የምግብ ፋብሪካው ተከታተሉ። ሲሚንቶ ፋብሪካው በጣሊያን ጊዜ የተተከለ፣ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ነን በእነዚህ ግቢዎች ደመወዝ ያደግነው! ስለዚህ ዛሬ የማንንም ግቢ ስም ጠርቼ «ይሄ መርዝ ነው» አልልም። የትኛውም አሮጌ ግቢ «ሊጸዳ ነው» በተባለ ቀን ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው የማወራው።

እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ምን ይገኛል? እንደ ሥራው ነው። ነዳጅ ሲቀዳበት የኖረ ቦታ አፈሩ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ይጠጣል። ባትሪ ሲጠገንበት፣ የድሮ ቀለም ሲፋቅበት የኖረ ቦታ እርሳስ ይይዛል። በእንፋሎት ዘመን ቦይለርና የሙቅ ውሃ ቱቦ በአስቤስቶስ፣ ሙቀት በሚቋቋም ክር መሳይ ማዕድን፣ መጠቅለል በዓለም ሁሉ የተለመደ ነበር። የድሮ ጣሪያ ክዳንም ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ አለበት። አስቤስቶስ ሳይነካ ከተቀመጠ ብዙም አያስቸግርም። ሲሰበርና ሲፈጭ ግን በዓይን የማይታይ ክር ሆኖ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሳንባ ውስጥ የገባ ክር በሽታ ሆኖ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ያኔ ኮንትራክተሩም የለም፣ ፋይሉም የለም።

«ጽዳት እንዴት ይጎዳል?» የሚል ካለ ወደ እንግሊዝ ልውሰደው። ኮርቢ የምትባል የብረት ማቅለጫ ከተማ አለች። ማቅለጫው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የከተማው ምክር ቤት ግቢውን በደግ ሐሳብ ያጸዳ ጀመር። ሥራው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለዓመታት ቆየ። ገልባጮቹ መርዛማውን ጭቃ ሳይሸፍኑ ይዘው በከተማው መንገድ ያልፉ ነበር። ከጎማቸውና ከጭነታቸው የሚወድቀው ጭቃ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ አቧራ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ነፍሰ ጡር የነበሩ እናቶች አንዳንዶቹ እጃቸው ወይም እግራቸው ያልተሟላ ልጆች ወለዱ። ቤተሰቦቹ ዓመታት ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምክር ቤቱ በጽዳቱ ሥራ ቸልተኛ ነበር ብሎ ፈረደ። ልብ በሉ፣ የተከሰሰው ፋብሪካው አልነበረም። የተከሰሰው አጽጂው ነው።

ሌላው ከአሜሪካ ነው። ቺካጎ ውስጥ ሊትል ቪሌጅ የሚባል ሰፈር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2012 የተዘጋ የከሰል ኃይል ማመንጫ ነበር። ኤፕሪል 11 ቀን 2020፣ ሰው ሁሉ በኮቪድ ምክንያት ቤቱ በተቀመጠበት ሰሞን፣ ረጅሙን ጭስ ማውጫ በፈንጂ ጣሉት። ሰፈሩ በአቧራ ደመና ተዋጠ። ሳንባ የሚያጠቃ ወረርሽኝ መሃል! አንድ የቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። የአንድ ቀን አማካይ ላይ ብዙም ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ወደዚህ ወደ አማካይ ነገር እመለሳለሁ።

አሁን መለኪያውን እንየው። ይህቺን ሳጥን አምጥቻለሁ፣ እጅ በእጅ እያሳለፋችሁ እዩዋት። ከጡብ ብዙም አትበልጥም። ጎኗ ላይ ያለችው ቀዳዳ አየር ትስባለች፤ ውስጧ ትንሽ ማራገቢያ አለች። የተሳበው አየር በሌዘር ጨረር ፊት ያልፋል። እያንዳንዷ ብናኝ ጨረሩን ስትነካ ብርሃን ትበትናለች። መሣሪያው የተበተነውን ብርሃን ቆጥሮ «ይህን ያህል አቧራ አለ» ይላል። ቁጥሩ የሚነገረው በማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ነው። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው።

ሁለት ዓይነት ቁጥር ታያላችሁ። ፒኤም 10 የሚባለው ስፋቱ ከ10 ማይክሮን የማይበልጠው ብናኝ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው። ፒኤም 2.5 ደግሞ ከ2.5 የማይበልጠው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ቁፋሮ የሚያስነሳው አፈር አብዛኛው ከበድ ያለው ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ፒኤም 10 ላይ ይታያል። የኤክስካቫተሩና የሲኖትራኩ የናፍጣ ጭስ ግን ደቃቁ ውስጥ ነው፤ እሱ ሳንባ ሥር ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት ፒኤም 2.5 ከ15፣ ፒኤም 10 ከ45 ባይበልጥ ይላል። በደረቅ ወቅት ንፋስ ሲነሳ ድሬ ቁጭ ብሎ ይህን ማንበብ ትንሽ ያስቃል። ቢሆንም ወደየት ማየት እንዳለብን ይነግረናል።

ይህች ሳጥን አንድ ትልቅ ድክመት አለባት። የእርሳስ አቧራንና የወፍጮ ቤት ዱቄትን አትለይም። ለእሷ ሁለቱም ብናኝ ነው። የአስቤስቶስን ክርም አትለይም። ለዚያ አየሩን በፓምፕ በማጣሪያ ወረቀት ላይ መሳብ፣ ወረቀቱን ላቦራቶሪ መውሰድ፣ እርሳስ ከሆነ መመርመር፣ አስቤስቶስ ከሆነ ክሩን በማይክሮስኮፕ መቁጠር ያስፈልጋል። ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሳጥኗ «አሁን አቁሙ» ለማለት፣ ማጣሪያው «ያ አቧራ ምን ነበር» ለማለት። አንዱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ኮንትራክተር ካያችሁ ጠይቁት።

ወደ አማካዩ ልመለስ። የቀን ሪፖርት ላይ «አማካይ 92» የሚል አያችሁ እንበል። ከፍ ያለ ነው፣ ግን አያስደነግጥም። ያ ቁጥር እንዴት ሊመጣ እንደሚችል ልንገራችሁ። 20 ሰዓት ሙሉ አየሩ 30 ነበር፣ አራት ሰዓት ደግሞ 400። ደምሩና ለ24 አካፍሉ፣ 92 ገደማ ይመጣል። አራቱ ሰዓት ቁፋሮው የነበረበት ነው፤ ምናልባትም ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት። ሌሊቱ ቀኑን ሸፈነለት። ለዚህ ነው በኒውዮርክ ግዛት የተበከለ ግቢ ሲጸዳ የ15 ደቂቃ አማካይ የሚታየው። ሠራተኛው ሻይ ጠጥቶ ሳይመለስ ቁጥሩ ታውቋል ማለት ነው።

የኒውዮርኩን አሠራር ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም ከማውቃቸው ሁሉ ግልጹ እሱ ነው። መለኪያ በሁለት በኩል ይቆማል። አንዱ ንፋሱ ወደ ግቢው በሚገባበት፣ ሌላው ከግቢው በሚወጣበት። የገባው ከወጣው ይቀነሳል። ልዩነቱ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ማይክሮግራም ካለፈ ውሃ መርጨት፣ መሸፈን፣ አቧራ ማፈን ግዴታ ነው። ያ ሁሉ ተደርጎ ልዩነቱ ከ150 ካለፈ ሥራው ይቆማል። ስብሰባ የለም፣ ደብዳቤ የለም።

ይህ መቀነስ ለእኛ ከተማ በጣም ይጠቅማል። ንፋስ በተነሳበት ቀን ከግቢው ውጭ ያለው አየር ራሱ 120 ሊሆን ይችላል። በሌላኛው በኩል 140 ቢያሳይ ልዩነቱ 20 ነው፣ ኮንትራክተሩን መውቀስ አይቻልም። በጸጥታ ቀን ግን የሚገባው 40፣ የሚወጣው 150 ከሆነ ልዩነቱ 110 ነው። ምንጩ ግቢው ነው። እዚህ ጋ የኔን ቅሬታ ላስገባ። ሳንባ መቀነስ አያውቅም። 140ውን ሙሉውን ነው የሚተነፍሰው። ስለዚህ ለድሬ ሁለት ቁጥር ቢኖር ደስ ይለኛል፤ አንዱ የልዩነት፣ አንዱ የጠቅላላው። ከተማው ራሱ በአቧራ በተሸፈነ ቀን መቆፈር ምን ይባላል!

ሌላው የድሬ ጉዳይ ንፋሱ ነው። ከበስተደቡብ ደንገጎ አለብን። ተራራ ሥር ያለ ከተማ ላይ ቀን መሬቱ ሲግል አየሩ ወደ ተራራው ሽቅብ ይሳባል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ይሄ በየተራራው ሥር ያለ ጠባይ ነው፤ ሌላ ጠንካራ ንፋስ ካልመጣበት በቀር። ስለዚህ ጠዋት «የሚገባበት» ያላችሁት በኩል ከሰዓት «የሚወጣበት» ሊሆን ይችላል። መለኪያዎቹን አንዴ ተክሎ መሄድ አያዋጣም። በአራቱም በኩል ይቁሙ፣ መሃል ላይ የንፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ መሣሪያ ይኑር። ለሱ እንኳን ገንዘብ ባይኖር እንጨት ላይ የታሰረ ፌስታልም አቅጣጫ ያሳያል።

ደግሞ እኛ በሙቀቱ ወራት አልጋ አውጥተን ግቢ ውስጥ የምንተኛ ሰዎች ነን። መስኮታችን ወንፊት እንጂ መስታወት አያውቅም። የሌላ አገር መመሪያ ሲጻፍ ሰውየው ማታ ቤቱን ዘግቶ ይተኛል ተብሎ ሊሆን ይችላል። እዚህ እንዲህ አይደለም። ሌሊት አየሩ ስለሚረጋ ቀን የተነሳው ደቃቅ ነገር ቶሎ አይበተንም። ስለዚህ «ሥራ የለም» ተብሎ ማታ መለኪያ መንቀል የለበትም። ያልተሸፈነ የአፈር ክምር ማታም አቧራ ይሰጣል።

ውሃ። አቧራ የሚታፈነው በውሃ ነው ይሉናል፤ እውነት ነው። ግን እናታችን ጄሪካን ይዛ በተሰለፈችበት ከተማ የውሃ ቦቴ ግቢ ሲያጥብ ቢውል ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። እኔ ብሆን የምጠይቀው ይህን ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆፈረው ቦታ ትንሽ ይሁን። ክምሩ በሸራ ይሸፈን። ገልባጩ ሸራ ሳያለብስ ከበር አይውጣ። ጎማው በር ላይ ይታጠብ። ለመርጨት ለመጠጥ የማይሆን ውሃ ይፈለግ፣ እሱም የተመረመረ ይሁን። ንፋስ ሲበረታ ይቆም። ከልክ በላይ ውሃ መርጨትም ሌላ ጣጣ አለው። የፈሰሰው ጭቃ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ደቻቱ ወንዝ ይሄዳል። ደቻቱን ደግሞ እናውቀዋለን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ጎርፉ ምን እንዳደረገን የማያስታውስ የለም። ጎርፍ የወሰደው ጭቃ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በንፋስ ይነሳል። የአየሩ ጉዳይ ከውሃው ጉዳይ አይለይም።

ስለ ሽታም ሰው ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። ናፍጣና ቤንዚን የጠጣ አፈር ሲገለጥ ተን ይወጣል። እሱን የሚለካ ሌላ መሣሪያ አለ። ኒውዮርክ ላይ የተን ልዩነት 5 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን የአየር እጅ አምስት እጅ፣ ካለፈ ሥራው ለጊዜው ይቆማል። አፍንጫችሁን ግን እንደ መለኪያ አትመኑት። ናፍታሊን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የምንከተው እንክብል፣ በጣም ትንሽ እያለ ይሸታል። መኪና የሚሞላው ቤንዚን ተን ውስጥ ያለው፣ ስሙ ከነዳጁ ጋር የሚመሳሰል «ቤንዚን» (benzene) የሚባል ኬሚካል ግን ካንሰር አምጪ ነው፣ ሽታው የሚታወቀን ለረጅም ጊዜ ደህና ከሚባለው መጠን በላይ ከሆነ በኋላ ነው። አፍንጫ ደግሞ ይለምዳል። ጋራዥ የሚውል ሰው ሽታ አለ ብትሉት ይገርመዋል። እና ሽታ ካለ ጥቆማ ነው፣ ተናገሩ። ሽታ ከሌለ ግን «ሰላም ነው» ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መለኪያ አለ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሀንተርስ ፖይንት የሚባል የድሮ የባህር ኃይል መርከብ ማደሻ አለ። እዚያው ቤት ሊሠራ ኮረብታ ሲቆረጥ ድንጋዩ የተፈጥሮ አስቤስቶስ ነበረበት። አልሚው አየሩን እንዲለካ ታዝዞ ነበር። መለኪያው ግን ለወራት በደንብ አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአየር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት 515,000 ዶላር ቀጣው። ቅጣቱ ለመንግሥት ገባ፤ በእነዚያ ወራት ሰው ምን እንደተነፈሰ ግን ዛሬም በቁጥር የሚነግር የለም። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ መለኪያው ምን ይሆናል? ባትሪ አለው? ማጣሪያው መቼ ተቀየረ? ማን ይፈርምበታል? እነዚህን መጠየቅ ነገር ፍለጋ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚረሳውን ገንዘቡን ላንሳ። ኮንትራክተሩ ማሽን የሚከራየው በሰዓት ነው። ሥራ ቆመ ማለት ከኪሱ ወጣ ማለት ነው። «150 ሲሆን አቁም» ብላችሁ የቆመበትን ሰዓት ካልከፈላችሁት ቁጥሩ 149 ሆኖ ይከርማል፤ ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ውሉ እንዲህ ስለሚያስገድደው። ስለዚህ የመቆሚያ ጊዜው ክፍያ ጨረታው ሲወጣ ጀምሮ ውሉ ውስጥ ይግባ። መለኪያውን የሚያነበውም ለኮንትራክተሩ የማይሠራ ሌላ ሰው ይሁን። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊትም ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ይለካ፤ ያለዚያ «ድሬ ድሮም አቧራ ናት» ለሚለው መልስ አይኖረንም። ቁጥሩ ደግሞ በር ላይ ይለጠፍ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ።

ከንግግሩ በኋላ ከመጡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የመንግሥትና የኮንትራክተር ሥራ ነው። እኔ ቤቴ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እትዬ፣ ሥራው ባለበት ሰሞን በደረቅ መጥረጊያ አይጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ደረቅ መጥረጊያ ወለል ላይ ያረፈውን መልሶ አየር ላይ ያወጣዋል። ጫማ ከደጅ ይቅር። በርበሬና ድርቆሽ በሚጸዳው ግቢ በኩል አያስጡ። ከሁሉ በላይ የሕፃናት እጅ ይታጠብ። እርሳስ ሕፃን ውስጥ የሚገባው በትንፋሽ ብቻ አይደለም፣ ወለል ነክቶ ወደ አፍ በሚሄደው ጣት ነው የሚብሰው። ለሕፃን «ይህን ያህል እርሳስ ችግር የለውም» የሚባል መጠን አልተገኘም። የጨርቅ ማስክ ለትልልቁ አቧራ ትንሽ ይረዳል፣ ለደቃቁና ለተኑ ግን አይሆንም። አይታለሉበት።

አንድ ወጣት ደግሞ «አቦ፣ ብንጮህስ ማን ይሰማናል?» አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። ሥራ ላይ የሚውለው መሣሪያ ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። አንቀጽ 11ን አንብቡት፣ አጭር ነው። ማንም ሰው፣ «እኔን ነክቶኛል» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ ጩኸቱን ወደ ወረቀት ቀይሩት። የሰፈሩ ልጆች አንድ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ንፋሱ ከየት ወዴት፣ አቧራ ነው ሽታ፣ ገልባጩ ሸራ ነበረው ወይ፣ ፎቶ። አቤቱታው በሁለት ኮፒ ይጻፍ። መዝገብ ቤት ስትሰጡ በእጃችሁ የሚቀረው ኮፒ ላይ ቀንና ማህተም አስመቱ፤ 30 ቀኑን የምትቆጥሩት ከዚያ ነው።